ብቻዋን የቀረችው የጫካ እንቁራሪት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የመጡት ሁለት ሦስት ክረምቶች ራሴ ውስጥ ተደባልቀው እንደ አንድ ረጅም ክረምት ሆነው ነው የቀሩት። የደርግ ጊዜ ነበረ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር የምንወስደው፤ ሥራ ቦታ የውይይት ክበብ የሚባል ነገር ነበረ፣ እኔም እኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አንቀላፋበት ነበር። ይህን ያህል አውቃለሁ። ከዚህ አልፌ ቀኑን ልቁጠር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

በሙያዬ ሸማኔ ነኝ። አባቴ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ከገባ ጀምሮ ቤታችን ከመወርወሪያ ድምፅ ተለይቶ አያውቅም ነበር። በኋላ ክር ጠፋ። ክር በማኅበር በኩል ነው የሚታደለው ተባለ፤ ማኅበሩ ጋ ስንሄድ ደግሞ አልመጣም፣ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ ይሉናል። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው። እጄን አጣጥፌ ከመቀመጥ ብዬ፣ አንድ የሰፈር ሰው ባሳየኝ መንገድ፣ ጉለሌ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለች ትንሽ የምርምር ቤት ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጥበቃ ይበሉኝ እንጂ የማልሠራው አልነበረም። እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ እንስሳቱን እቀልባለሁ። ፊደል የለየሁት ያኔ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ በዚያ ዕድሜዬ፤ ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ።

እዚያ ቤት አንድ ዶክተር ነበረ። የሕክምና አይደለም፣ የተማረ ማለቴ ነው። ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያነሰው የሚመስል ሰው ነው። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፣ ግን አንቱ እለው ነበር፤ እሱም ጋሼ እያለ አንቱ ይለኛል። የሚያጠናው እንቁራሪት ነው። የበር ጥበቃ ባልደረባዬ ይህን ነገር ከሰማ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ «ልጆችህ እንዴት አደሩ?» ነው የሚለኝ። «ጡጦ ሰጠሃቸው?»

«ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንተን ነው የሚጠይቁት» እለዋለሁ።

እንቁራሪቶቹ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ሁለት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖሩት። እንደ ሰፈራችን የወንዝ ዳር እንቁራሪት እንዳታስቧቸው። የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክሉ ነው፤ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ፣ ቆዳቸው ሲያዩት ያሳሳል። እንሰት ቅጠል ላይ ይለጠፋሉ። እንሰት ጉለሌም አለ፤ የአገሬ ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ ይተክሉታል፣ ከእነሱ ቅጠል እየለመንኩ እቆርጥላቸው ነበር። የቧንቧ ውሃ ይገድላቸዋል ስለተባለ ውሃ የምቀዳው ከቁስቋም በታች ካለች ምንጭ ነው። ምግባቸው በበሰበሰ ሙዝ ላይ የማራባቸው ደቃቅ ዝንቦች ናቸው። ያን ጊዜ ሙዝ ለሰውም ብርቅ ነበር። ሙዙን ሳበሰብስ አንዳንዴ ራሴን እታዘበው ነበር።

ዶክተሩ መጀመሪያ ቀን ሁለቱን ሣጥኖች አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም» አለኝ። «የዚህኛው ሣጥን ዘጠኙ የሜዳ ናቸው። ረግረግና እንሰት ባለበት ሁሉ አሉ፤ ረግረጉ እየታረሰ ስለሄደ እነሱም እያነሱ ነው። የዚህኛው ስድስቱ ግን የጫካ ናቸው። ከአንድ ጫካ በስተቀር የትም ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ምን ቢሆን እንዳይቀላቀሉ።»

እኔ አየሁ፣ አየሁ፣ ልዩነታቸው አልታየኝም። «በምን ይለያሉ ታዲያ ዶክተር?»

«ስይዛቸው የት እንደያዝኳቸው አውቃለሁ። ሲሞቱ ደግሞ ከፍቼ አጥንታቸውን አያለሁ። በሕይወት እያሉ...» አለና እጁን ዘረጋ። «በሕይወት እያሉ እኔም ገና ነኝ።»

ነገሩ ለምን እንደሚያስጨንቀው ቀስ እያልኩ ነው የገባኝ። ያን ጫካ ለመንግሥት እርሻ ሊመነጥሩት ታስቧል። ዶክተሩ ወረቀት ጽፎ፣ እዚህ ጫካ ብቻ ያለች ፍጥረት አለችና ተዉት ብሏል። እርሻውን ከሚመራው መሥሪያ ቤት የመጣለት መልስ፣ እንቁራሪት ያው እንቁራሪት ነው፣ የትም ሞልቷል የሚል ነው። በአልኮል የተቀመጡትን ወስዶ ቢያሳያቸው ደግሞ፣ የሞተ እንቁራሪት ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ነፍስ ያላቸውን ለይተህ አሳየን አሉት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚውለው ሐሙስ መጥተው ሊያዩ ተቀጠረ። ሁለት ከሆኑ ጫካው ይቆያል፣ አንድ ከሆኑ ይመነጠራል፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ከቀጠሮው በፊት ዶክተሩ ሁለት ሳምንት ክፍለ ሀገር ለሥራ ተላከ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ።

ዝናቡ የጠነከረው እሱ በሄደ ማግሥት ነው። የጉለሌን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም በር ከፍቶ የሚገባ ነው የሚመስለው። የሜዳዎቹ ዘጠኙም ቻሉት። የጫካዎቹ አልቻሉም። ጋቢዬን አውልቄ ሣጥኑ ላይ ደረብኩ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ፤ አንድ ቀን አንዷ፣ ሌላ ቀን ሁለት፣ እንዲህ እያሉ አምስቱ አለቁ። እያንዳንዷን ዶክተሩ ባሳየኝ መሠረት አልኮል ውስጥ ከተትኳት። አንዷ ቀረች።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ያቺ የቀረችው ሦስት ቀን አልበላም አለች። ዝንቡ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ እንኳ አትነቃነቅም። እኛ ዘንድ ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን አይተውም። እኔንም ጎረቤቶቼ እፍራሹ ላይ ከበው ከርመዋል፤ እህል አልወርድ ሲለኝ ፊቴ ቁጭ ብለው እነሱ ይበሉ ነበር፣ የሚበላ ሰው ሳይ እኔም እንድቀምስ። ወደድኩም ጠላሁም በዚያ ነው እህል የቀመስኩት። እና ያቺን ሣጥን ጥግ ላይ ተኮራምታ ሳያት ሌላ ነገር አልታሰበኝም። የሚበሉ ሰዎች... ማለቴ የሚበሉ እንቁራሪቶች አጠገብ ብትሆን ይሻላት ይሆናል አልኩ። አፈስኳትና ከዘጠኙ ጋር ቀላቀልኳት።

ክዳኑን ስገጥም ነው እንዳትቀላቅል የተባልኩት ትዝ ያለኝ። መልሼ ከፈትኩት። አሥር እንቁራሪት አሥር ቦታ ተለጥፈዋል። የትኛዋ እንደሆነች ጠፋችብኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም፣ ከረመ።

ነገሬን መጀመሪያ ያወቀችው ብልቃጥ አጣቢዋ ናት። የምርምር ቤቱን ጠርሙስና ብልቃጥ ሁሉ የምታጥብ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል ሴት ነበረች፤ እትዬ ነበር የምላት። ጴንጤ ናት። የሚሰበሰቡበት ቤት ስለታሸገባቸው መዝሙሯን ውሃ ከፍታ፣ ድምፁ እንዳይሰማ፣ ለራሷ ነበር የምትዘምረው። እሷም እኔን ወንድሜ ትለኛለች። በዚያ ሳምንት የሚታጠብ ዕቃ ልትወስድ ገብታ ባዶውን ሣጥን አየችው።

«ምነው ይሄ ባዶ ሆነ?»

«አምስቱ ሞቱ።»

«ስድስተኛዋስ?»

«ከነዚያ ጋር አደረግኳት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳትቀላቅል ብሎህ የለ እንዴ ሰውየው?»

«ብቻዋን ሆና እህል አልቀምስ አለች።»

«እህል» አለች እሷ። «አሁንስ ቀመሰች?»

«ሳትቀምስ አልቀረችም፤ ሁሉም ይበላሉ። የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ብዙ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ ፈገግ ካልኩ ስንት ጊዜዬ ነበር። ከዚያ ሳቋን ጨርሳ አጠገቤ ተቀመጠችና ነገሩን አስረዳችኝ። «ሰኞ ሲመጣ ራስህ ንገረው፣ ወንድሜ። ሌላ ሰው ከቀደመህ ስሙ ይለወጣል። አሻጥር ይሉታል።»

«ሞታለች ብዬ ብነግረውስ? አምስት ከሞቱ ስድስተኛዋ ብትሞት ማን ይጠራጠራል?»

እውነቴን ነው የምጽፈው፣ ብያታለሁ።

«ሬሳዋን አምጣ ቢልህስ?» አለች። «ደግሞም አልሞተችም። ያልሞተን ሞተ ብለህ አትቅበር።»

ሰኞ ዶክተሩ መጣ። ጫማው ጭቃ እንደያዘ ነበር፣ ቤቱ እንኳ አልገባም። ኮቱን ሳያወልቅ ነገርኩት። አምስቱ እንደሞቱ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ ብርዱን የጠበቀው ይመስላል። ስድስተኛዋንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ለምን ጋሼ?»

«ብቻዋን ቀርታ ነው።»

«እንቁራሪት እኮ ናት።»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

ቀና አለና፣ «አሥሩንም ብገድላቸው አጥንታቸውን አይቼ አገኛታለሁ» አለ። «ካገኘኋት በኋላ ግን ምን ላሳይ ነው? የሞተውንማ አንፈልግም ብለውኛል።»

ማክሰኞ ሙሉ ቀን በማጉሊያ መነጽር ጀርባ ጀርባቸውን ስናይ ዋልን። እኔ በሸማኔ ዓይን ነው የማየው። ከዓይናቸው እስከ ወገባቸው የሚወርድ ነጣ ያለ መስመር አላቸው፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት። የአንዷ ጥለት መሃል ላይ ይቋረጣል፤ አገኘኋት አልኩ። ከዚያ የሌላዋም ይቋረጣል። የሦስተኛዋ ግራው ይቋረጣል፣ ቀኙ አይቋረጥም። የአንድ ሸማኔ እጅ እንኳ ሁለት ነጠላ ላይ እኩል አይወጣም፤ የእነሱም እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት። ሲመሽ ዶክተሩ ዓይኑን እያሸ፣ «በቃ፣ ጋሼ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ብልቃጥ አጣቢዋ ስታጥብ አንድ ሰፊ የመስታወት ሰሌዳ አጥባ፣ ጉድፍ እንዳይቀርበት ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ከሥሩ ታየዋለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምታደርገው። እኛም ሸማ ስንጨርስ ወደ ብርሃን ይዘን ነው የሳሳውን የምናገኘው። ዝም ብዬ አያት ነበር። እሷ ናት ቀድማ የተናገረችው፦

«ከላይ ብቻ ነው የምታዩዋቸው። ከሥር አይታችኋል?»

ዶክተሩ በገዛ ራሱ አፈረ መሰለኝ፤ ሰሌዳውን ተቀብሎ ሁለት በርጩማ ላይ አጋደመው። ሰሌዳው ላይ ብልቃጥ ደፍተን በየብልቃጡ ውስጥ አንድ አንድ እያደረግን አስቀመጥናቸው። እኔ ጉልበቴ ባይፈቅድም ወለሉ ላይ ተንጋለልኩ፣ ከሰሌዳው ሥር።

እዚያ ሆኜ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። የእንቁራሪት ሆድ ነጭ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የስምንቱ እንደዚያ ነው፤ ወተት የነካው ውሃ ይመስላል፣ ውስጡን አያሳይም። የሁለቱ ግን ስስ ነው፣ ውስጡን ያሳያል። የበሉት ዝንብ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ከሱ ከፍ ብሎ አንድ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነገር ቡፍ ቡፍ ትላለች።

«ልቧ ነው» አለ ዶክተሩ። እሱም ተንጋሎ ነበር። ሁለት ሽማግሌ... እሱ እንኳ ሽማግሌ አልነበረም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወለል ላይ ተንጋለን፣ እትዬ እላያችን ቆማ።

«ሁለት ናቸው የሚያሳዩት፣ እኛ የምንፈልገው አንዲት» አልኩ።

«አንዷ ከሜዳዎቹ ሆና ከስታ ይሆናል» አለ። «የከሳች እንደሆነች ቆዳዋ ይሳሳል።»

ሁለቱን ለየብቻቸው በብልቃጥ አደረግናቸውና ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁራጭ የእንሰት ቅጠል ሰጠናቸው። ከዚያ በላይ ምን እንደምናደርግ ዶክተሩም አላወቀም። ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ዝም ብዬ ሳያቸው አንድ ነገር ልብ አልኩ። አንደኛዋ ቅጠሉ ላይ፣ ብርሃኑ በኩል ወጥታለች። ሁለተኛዋ ከቅጠሉ ሥር፣ ተገልብጣ ተለጥፋለች። ቅጠሉን ገለበጥኩት፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና ወደ ሥሩ ገባች።

«ዶክተር» አልኩት፣ «የጫካዎቹን ሣጥን ስጠርግ ቅጠሉን ሳላነሳ አግኝቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ ከሥር ናቸው። የሜዳዎቹን ግን በሩን ከፍቼ ስገባ ነው የማያቸው፣ ላይ ናቸው።»

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝም። ደግሞም ብርድ የሸሹ ነበር የመሰለኝ።»

ደብተሩን አውጥቶ እኔ ያልኩትን ጻፈ። እኔ የተናገርኩት ነገር ሲጻፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የቀበሌ ፎርም ካልተቆጠረ። ከሰዓት ላይ ቅጠሉን አራት ጊዜ ገለበጥነው፣ አራት ጊዜም ወደ ሥር ገባች። የሜዳዋ ደግሞ አራት ጊዜ ወደ ላይ ወጣች። ያቺ ላይ የምትወጣው የከሳች ናት አልን፣ ከዘመዶቿ ጋር መለስናት። እርግጠኛ ነበርን ወይ? አልነበርንም። የቻልነው ግን ይህን ነበር።

ሐሙስ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ኃላፊ መጣ፤ ካኪ የለበሰ፣ ሰፊ ሰው። ሾፌሩ ተከትሎት ገባ። ዶክተሩ አንዷን የሜዳ፣ አንዷን የጫካ፣ ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ አድርጎ ጠበቀው። እኔ ግድግዳ ይዤ ቆሜያለሁ። ምናልባት የጫካ ብለን ያቀረብናት ያቺ የከሳችው የሜዳ ትሆን ይሆናል እያልኩ እፈራ ነበር።

ኃላፊው ከላይ አያቸው። «ታዲያ አንድ አይደሉም እንዴ፣ ጓድ ዶክተር?»

«ከሥር ይመልከቱ፣ ጓድ።»

«ከሥር?»

ወለሉን አየው፣ ሱሪውን አየው። እትዬ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋለት ነበር። በጉልበቱ ወረደ፣ አንገቱን ጠምዝዞ አየ። ብዙ ቆየ። ጫካ ይሁን፣ እርሻ ይሁን፣ ምን እያሰበ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

«ይሄ የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው?»

«ልቧ ነው።»

«ይቺኛዋስ ልብ የላትም?»

ዶክተሩ ሊመልስ ሲል ሾፌሩ ቀደመው፤ «ያቺኛዋ ደብቃዋለች፣ ጓድ» አለ።

ኃላፊው ሳቀ። ሾፌሩንም ና እይ አለው፣ እሱም ተንበረከከ። ከዚያ ዶክተሩ ቅጠሉን እየገለበጠ አሳያቸው፤ የጫካዋ አላሳፈረችንም፣ ወደ ሥር ገባች። ኃላፊው ሱሪውን አራግፎ ተነሣ፣ ወረቀት አወጣ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ምንጣሮው ይቆይ ብሎ ጻፈ። ይቆይ ነው ያለው፣ ተዉት አላለም። ዶክተሩ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ በአራት አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

ያቺ እንቁራሪት ክረምቱን አልጨረሰችም። ዶክተሩ ከፈታትና በማጉሊያው አያት። እኔ ደጅ ነበርኩ፣ መግባት አልቻልኩም። ወጥቶ፣ «የጫካዋ ናት፣ ጋሼ። አልተሳሳትንም» አለኝ። ጫካው ያን ዓመት አልተነካም። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ወሬውም ተቋረጠ። ዛሬ ምኑ እንደቀረ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ያዩ ሰዎች፣ ከፊሉ የለም ይላሉ።

እኔ ግን ሞታለች ብዬ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ፣ አሥሩም ሣጥናቸው ውስጥ እያሉ ያ ሐሙስ ባዶ እጃችንን ያገኘን ነበር። ውሸቴን ደብቄ የምኖር ሰው እሆን ነበር፣ የዚያን ክረምት ድካም ላይ ይህንን ደርቤ። ከሁለቱም ያዳነችኝ፣ ያን ጊዜ እጄን ይዛ ያሻገረችኝ፣ ብልቃጥ አጣቢዋ እትዬ ናት።